ቅቤ የተቀቡት ካርዶች

ወታደሮች የያዙኝ ላሊበላ ገበያ፣ የአንድ ቄስ ራዲዮ ፈትቼ ስጠርግ ነው። ለሽምቅ ተዋጊዎች መገናኛ ጠግነሃል አሉኝ። አልጠገንኩም ብዬ ሁለት ቀን ተከራከርኩ፤ በሦስተኛው ደከመኝ። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የገብስ አቧራው እያሳለ አያስተኛም።

እዚያ የብልባላ ተወላጅ የሆነ የመገናኛ ወታደር አገኘሁ። ኩልመስክ ላይ የጦሩ ራዲዮዎች ዝም ስላሉ ራዲዮው ውስጥ የሚሰኩ ስምንት የኤሌክትሪክ ካርዶች ሆን ብለህ አበላሽተሃል ተብሎ ነው የታሰረው።

«ጋሼ፣ ሰኞ ይወስዱኛል» አለኝ። ከዚያ የተወሰደ ሰው አይመለስም ነበር።

ዓርብ ጠዋት የእስረኞቹ ኃላፊ የሆነው መቶ አለቃ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ መመርመሪያ ማሽን ተቀምጧል። ካርዱን ሲሰኩበት ራሱ ይፈትሻል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ የሚጣል ከሆነ ቀይ ያበራል። ካርዶቹ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ስለሆኑ የሚተርፉትን እንድለይ ታዘዝኩ። ወታደሩ አበላሽቷቸዋል ብዬ ከፈረምኩም በዚያው ቀን ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። እናቴ በጠና ታማ እንደነበር ያውቃል።

ስምንቱም ቀይ አበሩ። አንዱን ነቅዬ የሚሰካበትን የመዳብ ጥርስ ብነካው ያሙለጨልጫል፤ ባሸተው የበሰለ ቅቤ ነው። መጸዳጃ ልሂድ ብዬ በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ወታደሩን በቀዳዳ ጠየቅኩት።

«ዝገት እንዳይበላቸው ብዬ ነው የቀባኋቸው። አባቴ ጠመንጃውን እንዲህ ነበር የሚያኖረው» አለኝ።

ልስቅ ነበር፣ አቅም አጣሁ። ኤሌክትሪክ በቅቤ ውስጥ እንደማያልፍ ማንም አልነገረውም። ቅቤ ነው ብልም «አሻጥር» ብለው ያው ይወስዱታል።

አረቄ አስመጣሁና ጥርሶቹን በጨርቅ ጠረግኩ። ሰባቱ አረንጓዴ አበሩ፤ ስምንተኛው በእርጅና የሞተ ነበርና ቀይ እንዳለ ቀረ። መቶ አለቃው ምን ነበር ብሎ አፈጠጠብኝ። የላስታ ጉም ነው፣ እርጥበት ይዟቸው ነው አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ። ወረቀቱን ገፋልኝ።

«የተባልከውን ጻፍ። እናትህን አስባት።»

አሰብኳት። «ሰባቱ ካርዶች ይሠራሉ፤ ሰው ያበላሸው የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ወታደሩን ሰኞ ወደ ጦሩ መለሱት። እኔን አሥራ አራት ወር አቆዩኝ። እናቴን በሁለተኛው ወር ቀበሯት።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ያ ሰው ከጦርነቱ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። አይቆጭህም ወይ ይሉኛል። ይቆጨኛል እንጂ፤ እናቴ እስከ መጨረሻዋ በሩን በሩን ታይ ነበር አሉ። ግን መቶ አለቃው ያለኝን ፈርሜ ብገባ ኖሮ ዓይኗን በምን ዓይኔ አየው ነበር?