የጴጥሮስ ድርሻ

ጊምቢቹ ውስጥ ከእንሰት ቡላ በማውጣት ገነቴን የሚያህል ሴት የለም። ባሏ ጴጥሮስ፣ የልጇ የቲቶ አባት፣ ግን ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ከእንሰቱ አጠገብ ካሳቫ የሚባለውን ሥሩ የሚበላ ተክል ተከለ፤ እዚያው ጓሮ ተቀበረ። ካሳቫው በዓመት ከመንፈቁ ደረሰ።

እሷም እንደለመደችው እንደ እንሰቱ አደረገችው። ሥሩን ቆፍራ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ቀን አስተኛችው። ከዚያ ፈቅፍቃ፣ በውኃ አጥባ፣ በጨርቅ አጥልላ ሳፋ ውስጥ እንዲረጋ ተወችው። ጠዋት ውኃውን ስትደፋው ከሥር የቀረው ነጭ ነገር የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አልሞላም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ሥሩ ሲቆረጥ ደግሞ ውስጡ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር ይታያል፤ የሽማግሌ እጅ ላይ እንዳለ ደም ሥር።

እኔ ጎረቤቷ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሙት መጣ ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ጠርታ ሳፋውን አሳየችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«መምህር፣ የቲቶ አባት ድርሻውን እየወሰደ ነው። ለፓስተሩ እንዳትነግርብኝ።»

ልስቅ ነበር፤ አልቻልኩም። ነፋስ የለም፤ የካሳቫው ቅጠል ግን በመቃብሩ በኩል ብቻ ይነቃነቃል። ጠጉሬ ቆመ፤ ለምን እዋሻለሁ።

መፍራቴ አናደደኝ። ቅዳሜ ጠዋት ምራቷን ሐዳሳን ይዤ ጓሮ ገባሁ። «ካሳቫ እንሰት አይደለም» አልኩ እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ። «ከተቆፈረ ማደር የለበትም። በቆየ ቁጥር ሥሩ ይጠቁራል፣ ስታርቹም፣ ያ የሚረጋው ነጩ፣ ይቀንሳል።» ቆፍረን ወዲያው አጠብነው፤ አድቅቀን ፈቅፍቀን አጠለልነው። እሑድ ከቸርች መልስ ውኃውን ስንደፋው አራት ጣት ሙሉ ረግቶ አገኘነው።

ሐዳሳ እልል አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ገነቴ ግን ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች።

«ምንም አልጎደለም?»

«ምንም፣ የቲቶ እናት። የወሰደ የለም።»

«እንግዲያ አንድም ቀን አልመጣም ማለት ነዋ» አለችና እንደ ቀብሩ ቀን አለቀሰች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ክፍተት አየኋት። አዲስ የቆፈረችውን የካሳቫ ሥር እንደ ድሮው በኮባ እየጠቀለለች ጉድጓዱ ውስጥ ታስተኛለች፤ በሀዲይኛ ቀስ ብላ ታወራለች። አጠገቧ ማንም የለም። መልስ እንደምትሰማ ሁሉ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች።

ኮቴዬን ሳላሰማ አለፍኩ።