አባቴ እንዳይሰሙ

ሌላው ሰው በሌሊት ነው የሚሰደደው፤ እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ መሐል፣ የእህል ጭነት ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ ለእረፍት ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አስተማሪ መስሎታል። መሰደዴን የሚያውቁት አባቴ ብቻ ነበሩ። ሊሰናበቱኝ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ድረስ በበቅሎ መጥተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተምርበት ትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል አንድ ልብ ወለድ ጽፌ አነበብኩ፤ መሬቱን ሊለኩበት የመጣውን ገመድ ቆርጦ ምድጃ ውስጥ ስለሚማግድ ገበሬ። ወረዳ ገዥው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ገበሬዎቹም ሳቁ። እሱ በገበሬው፣ እነሱ በእሱ የሳቁ ይመስለኛል። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ብዙም ሳይቆይ ግን ጋይንት ውስጥ የእውነተኞቹ ቀያሾች ገመድ ተቆርጦ ተገኘና አረፈው! አውጫጭኝ ተጠራ።

እናንተ የአገሬ ሰዎች አውጫጭኝን ታውቁታላችሁ፤ ላላየው ስደተኛ ልንገረው። አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፤ እርሻው ይደር፣ ከብቱ ይጩህ። ሰው ሲመረው አንዱ ተነስቶ «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ የነጋሪው ስም እንዳይታወቅ ነው። የዚያን ቀን ወፍ ታዲያ ገመድ መቁረጥን ያስተማረ የመሪጌታው ልጅ ነው አለ። መሪጌታውን አባቴን አስነሱና ልጅዎ ከማን ወገን ነው ብለው ጠየቋቸው። አባቴም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ማሉ፦ አላውቅም፤ ያወቅሁ ዕለት ግን አልደብቅም ብለው። አባቴ ከማሉ ማሉ ነው፤ ልጄ ብሎ ነገር የለም።

በስንብታችን ዕለት፣ ገበያው መሐል የልቤን ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ስለ ቅየሳው የምታስበውን እንዳትነግረኝ። ካወቅሁ ሄጄ እናገራለሁ፤ ያን ጊዜ የሚያስሩህ በእኔ ቃል ነው።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው አባ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ልብህ ያለውን ነው አትንገረኝ የምልህ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። በመተማ አድርጌ፣ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በሎሪ፣ ካርቱም ገባሁ።

ስለ ካርቱም ምን ልበላችሁ። በነሐሴ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥ ሰዎች እዚህ አንሶላ ውኃ ነክረን እንተኛለን። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፤ ዓይን የለው፣ ውፍረት የለው፣ ስታነሳው እንደ ወረቀት ነው። አከራዬ ሐጂ ዑስማን ገና በሩ ላይ ከንጉሡ ጋር ነህ ወይስ ጠላቱ ነህ አለኝ። በተሰባበረ ዐረብኛ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ አልኩት።

«ያ ሐበሺ» አለኝ ረጋ ብሎ፤ አንተ ሐበሻ ማለቱ ነው፤ «ወዳጁ ከሆንክ ኤምባሲው ይከፍልልሃል፤ ጠላቱ ከሆንክ ማኅበሩ ይከፍልልሃል። ለልብ ወለድ የሚከፍል እስካሁን አላየሁም።»

እውነቱን ነው፤ የከፈለልኝ የስደተኞቹ ማኅበር ነው። አለቃው ግርማ፣ ተማሪ የነበረ፣ አሁንም ሲናገር ስብሰባ ላይ የቆመ የሚመስል ሰው፣ በሬዲዮ ቀርበህ አቋምህን ተናገር እያለ ያዘኝ። ስርጭቱ ጋይንት ድረስ ይሰማል። ዝም ያለ ደራሲ ከጨቋኝ ጋር ነው ይለኛል። እኔም ደራሲ ከማን ወገን እንደሆነ ከተናገረ ያ አብሮ የሳቀው ሰው ሁሉ ሳቁን መልሶ ይቆጥረዋል፣ ጽሑፉም በራሪ ወረቀት ሆኖ ይቀራል እለዋለሁ። የምከራከረው ከልቤ ነው፤ የአባቴን መሐላ ግን አልነገርኩትም፤ ሰበብ ያስመስልብኛል። ከትሪያቸው ገለል አደረጉኝ። አንዱማ የገዥው ጆሮ ጠቢ ነው ብሎ ሲያማኝ በጆሮዬ ሰማሁ። ተናደድኩ። የማስበው ነገር ጠፍቶኝ መሰላቸው? ምላሴ ጫፍ ላይ ነው ያለው። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ ጽሑፍ አታገኙትም፤ ቤተ ልሔም የሚደርስ ሰው ያነበው ይሆናል።

በመጨረሻ ግርማ እሑድ ካልተናገርክ ማኅበሩ ከሚከፍልልህ ቤት ትወጣለህ አለኝ። እሑድ ነገ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ደስታ የሚባል የጋይንት በቅሎ ነጋዴ ለንግድ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ፣ እኔን ብሎ እዚህ ድረስ ዘለቀ። በሬዲዮ ሊናገር ነው የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ አገር ገብቷል።

«አባትህ ይናገር ብለውሃል» አለኝ። «ደስ ያለውን ይበል፣ እኔ አልሰማም ነው የሚሉት። ሬዲዮ ያለበት ቤት መግባት ትተዋል። ስምህ ሲነሳም ሰው ምን ሊል እንደሆነ ስለማያውቁ ብድግ ብለው ይወጣሉ።»

መደሰቴን አልደብቃችሁም፤ ዘልዬ ሳምኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ከአገልግሉ ውስጥ ከዚህ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች አወጣ፤ አንዱም አልተከፈተም።

«መልስለት አሉኝ። የልቡን ጽፎት ቢሆንስ ብለው ፈርተው ነው። አንዱን ሊከፍቱት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ይዘውት ተቀምጠው መልሰው ሰጡኝ።»

ስለ ቅየሳ አንዲት ቃል የለባቸውም። ወባ ታምሜ እንደዳንኩ ጽፌላቸዋለሁ፤ እርጥብ ሽምብራ አማረኝ ብያቸዋለሁ፤ የቀረው ናፈቁኝ የሚል ነው። ይህንኑ በቃልህ ንገርልኝ ብዬ ደስታን ልልከው አሰብኩና፣ ስሜን ሲሰሙ ተነስተው እንደሚወጡ ትዝ አለኝ።