አራት ሰው በአንድ ኔጋቲቭ

አባቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሳ ኖሯል። ልቡ ሙቀቱን አልችል ሲለው ሐኪም ደጋ ይሂድ አለና ደብረ ሲና እህቴ ዘንድ ገባ። ፎቶ ቤቱን ከነዕቃው ለእኔ ተወልኝ። ዕቃው ደግሞ አብዛኛው ኔጋቲቭ ነው፤ በብስኩት ካርቶን ታጭቆ ከወለል እስከ ቆርቆሮው የተደረደረ።

ሲሄድ አንዱንም እንዳትጥዪ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግስት አልፈጠረብኝም። ፊልም የሚያሳጥብ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ሰዎቹም ፎቷቸውን ወስደዋል፣ ታዲያ ምን ያደርግልናል ብዬ ስንቴ ተከራክሬዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መልኩ የሰዎቹ ነው፣ እኛ አስቀማጮች ነን ይላል። የቆላው ሙቀት ግን ፊልሙን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ክፍሉም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በዚያ ላይ አዲሱ ማተሚያ ማሽኔ በር ላይ ቆሞ ቦታ ይጠብቃል። አንድ ጠዋት ብሽቅ ብዬ ሦስት ካርቶን አነሳሁና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ሰጠሁ። ውስጡን እንኳ አላየሁትም። ለአባቴም አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት ከባጃጅ ወርደው ገቡ። ከቀወት ገጠር ነው የመጡት። ባላቸው ሞተው ከነገ ወዲያ አርባቸው ነው። የሟቹ መታወቂያ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ጠፍቷል፣ ሌላ ፎቶ ደግሞ ተነስተው አያውቁም። ለቅሶው ላይ ከፍ አድርገው የሚያለቅሱበት ፎቶ ጠፍቶ እናቲቱ ባዶ እጃቸውን አልቅሰዋል። ለአርባው እንኳ ይድረስልኝ ብለው ነው የመጡት። ባላቸውን ያኔ ለመታወቂያ ያነሳቸው አባቴ ነበር።

ዓመቱን አያስታውሱትም። ለአባቴ ደወልኩ። እሱም ዓመቱን አልጠየቀኝም፤ በምን በዓል እንደመጡ ጠይቂያቸው አለኝ። የገጠር ሰው ከተማ የወረደበትን ዓመት ቢረሳ በዓሉን አይረሳም፤ ስለዚህ ኔጋቲቭ የያዙትን ፖስታዎች ሁሉ ለክርስቲያኑ በሚካኤል በጊዮርጊስ፣ ለሙስሊሙ በአረፋ በመውሊድ ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ይህን ስሰማ ዓይኔ ሦስቱ ካርቶን ወደነበሩበት ባዶ ቦታ ሄደ። የትኛውን በዓል እንደጣልኩ አላውቅማ።

እናቲቱ ሳያስቡ "ኅዳር ሚካኤል፣ ስለት አግብተን ስንመለስ" አሉ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ካርቶኖቹን ፈታሁ። ወንበር ላይ ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉና እሳቸውም አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ ሰባት የኅዳር ሚካኤል ፖስታዎች አገኘን፤ የሰባት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁላቸው። በኔጋቲቭ የሰው ሁሉ ጥርሱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ ነውና ባላቸውን ሊለዩ አልቻሉም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ባላቸው የዚያን ቀን ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀዶ ስለነበር አባቴ ጥቁር ኮቱን አውልቆ አልብሷቸዋል። እኔም ነጭ ሆኖ የሚታይ ኮት መፈለግ ጀመርኩ።

ስድስተኛው ፖስታ ውስጥ ተገኘ። አባቴ ፊልም እንዳይባክን ለመታወቂያ የሚነሱትን አራት አራት እያደረገ አግዳሚ ላይ ያስቀምጥና አንዴ ብቻ ያነሳ ነበር። ካተመው በኋላ በመቀስ ቆርጦ ለየባለቤቱ ይሰጣል። ኔጋቲቩን በኮምፒውተሩ ነጭ መስኮት ላይ አድርጌ በስልኬ አነሳሁትና ቀለሙን ገለበጥኩት። ባላቸው ወጡ። ወጣት ናቸው፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው ያለችው ልጅ በሁለት ጣቷ የኮቱን እጅጌ ይዛለች።

እናቲቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ልጅቷ እሳቸው ነበሩ። እጁን እንዳልይዝ ሰው ያየናል ብዬ ፈርቼ ነው አሉኝ። ያኔ የተሰጣቸው ፎቶ ከደረት በላይ ስለነበር ያችን እጅ እሳቸውም አይተዋት አያውቁም። እኔም አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ፣ ለፍሬም እንዲሆን ባላቸውን ብቻ ለይቼ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

"አትቁረጪው ልጄ። እንደተቀመጥን አውጪን።"

እንደተቀመጡ አተምኩላቸው። ዳርና ዳር የተቀመጡትን ሁለት ወንዶች እያሳዩኝ፣ ጎረቤቶቻቸው እንደነበሩና ሁለቱም እንዳረፉ፣ ቤተሰቦቻቸውም ፎቶ እንደሌላቸው ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው በመንደሩ ብዙ ነው፤ ልንገራቸውና ይምጡ ወይ አሉኝ። ያን ጊዜ ስለ ሦስቱ ካርቶን ተናዘዝኩላቸው። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ፤ አልተቆጡም። ወለሉ ላይ የተበተኑትን ፖስታዎች አዩና ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሱ።

"ይምጡ ብዬ እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "ፎቷቸውን ላጡት ግን ምክንያቱን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።"

እሺ አልኳቸው። ባጃጁ እንደሄደ አባቴ ጋ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልለው ተገኘ ወይ አለኝ። ተገኘ አልኩትና፣ ስለጣልኳቸው ሦስት ካርቶኖች ነገርኩት።