የዕንባቆም ወንበር

ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ አማረችን ከምንም በላይ የሚያስቆጣት ድምፅ ከንፈር መምጠጥ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ዳገቱን በዘንጓ እየዳሰሰች ስትወጣ አንዷ ከደጇ ላይ ሆና ከንፈሯን ትመጥጥና፣ «እኔን፤ ምን የመሰለች መምህርት ነበረች መሰላችሁ» ትላለች። አማረች ትቆማለች። ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ «ነበረች የምባለው እኔ ነኝ? አለሁ እኮ። ምነው፣ ተዝካሬን በላችሁ እንዴ?» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። በዚህ የተነሳ ምላሳም የሚሏት አሉ። ይበሏት። ዓይን ሲሄድ ምላስም አብሮ ይሂድ የሚል ሕግ የለም።

አማርኛ ስታስተምር ነው ያረጀችው፤ መጀመሪያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ኋላ እዚሁ ጎንደር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ሶሊያና ባህር ዳር ሥራ ይዛ እዚያው ትኖራለች። አማረች ጡረታ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ከምታነበው ገጽ ላይ ዳር ዳሩ ይጠፋባት ጀመር። ሐኪሙ «ግላኮማ ነው፤ ዘግይተው መጡ» አላት። ብርሃኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ሄደና ተዘጋ። አላለቀሰችም ቢባል ውሸት ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ አለቀሰች። ክረምቱ ሲወጣ ግን በአንዱ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንጓን ይዛ፣ ዕንባቆም ሻይ ቤት ወረደች።

የዕንባቆም ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት መልኩ ይለወጣል። ማራኪ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ክንዱ፣ ሳምንቱን ሲያውጠነጥን የሰነበተውን መስቀለኛ ቃላት ይዞ ይመጣል። ሰባት ቤት አግድም፣ ሰባት ቤት ቁልቁል፤ በየቤቱ አንድ ፊደል ይገባል፣ ቃል የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጥቁር ቤት አለ። ይህ ጋዜጣ ላይም አይጠፋም። የክንዱ ፍንጭ ግን የአገር ዋና ከተማ ጠይቆ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ጠማማ ነው፣ አንዱን እያሳየ ሌላውን ይደብቃል። ጎንደር ደግሞ ቅኔ ሲዘረፍ እየሰማ ያደገ ሰው ሞልቶባታል፤ በቀጥታ የተነገረ ነገር ብዙም አይጥመውም።

«ከላም ፊት ግማሽ ሰው ቢቆም አገር አማን ይሆናል» ይላል ለምሳሌ። ጀማሪ የሆነ ሰው ስለ ከብት ጠባቂ ማሰብ ይጀምራል፤ አንዱማ ሌባ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ነገሩ ወዲህ ነው። «ሰው» ሁለት ፊደል ስለሆነ ግማሹ «ሰ» ነው። እሱን ከ«ላም» ፊት ብታቆመው «ሰላም» ይሆናል፤ አገር አማን ማለት ይኸው አይደል። «የገበሬው ማሳ ቢገለበጥ ገላ ይለበልባል» ሲልም በሬና ሞፈር ፍለጋ አትድከም። «ማሳ»ን ከኋላ ወደ ፊት ብታነበው «ሳማ» ሆኖ ታገኘዋለህ።

ታዲያ በዚያ ቤት መልሱን መጥራት ብቻውን አያስቆጥርም፤ ብድግ ብሎ ማስረዳት ግድ ነው። ደንቡን ያወጣችው አማረች ናት፤ ዓይኗ ደኅና ሳለ፣ በግምት የሚጮህ ሰው በዝቶ ሲያሰለቻት። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ሰዎቹ በር አጠገብ ወንበር ሳቡላት። እዚያ ሆነው ይስሙ ማለታቸው ነው። እሷ ግን ወንበሩን አልፋ፣ እየዳሰሰች የድሮ ቦታዋ መሃለኛው ጠረጴዛ ዘንድ ሄዳ ተቀመጠች።

«ዕንባቆም» አለች፤ «ጥቁሮቹ ቤቶች የትና የት ናቸው?»

«ምን ያደርጉልዎታል እትየ?»

«አንተ ንገረኝ።»

ነገራት። ከዚያ ፍንጮቹን አንድ በአንድ አነበበላት፤ እሷም እየተነሳች ፈታች። ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ እንዴት እንደያዘችው ቢጠይቋት «ፈጣሪ ያውቃል» ብላ ዘጋቻቸው። የያዘችው ግን በድሮ ክፍሏ ነው። አምባ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ያስተማረችበት ክፍል ሰባት ረድፍ ነበረው፣ በየረድፉም ሰባት ልጅ ይቀመጣል። የማን ቦታ የት እንደነበር እስከዛሬ አልጠፋትም። ቃሉን ስታገኝ ፊደሎቹን ለልጆቹ ታድላለች፤ «ሰ» ለጽጌሬዳ፣ «ላ» ከጎኗ ለአስማረ፣ «ም» ለምንዳዬ። አግድሙ ሲያስፈልጋት ረድፉን ታስነሳለች፤ ቁልቁሉ ሲያስፈልጋት ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ትጠራለች። ጥቁር ቤት ላይ የወደቀው ልጅ ያን ቀን ቀርቷል ማለት ነው።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ይኸው ባለ ሻይ ቤቱ ዕንባቆም ነው። የመጨረሻው ረድፍ፣ አራተኛው ወንበር የሱ ነበር። አባቱ በገበያ ቀን በግ ያስነዳዋል፣ በአጨዳ ጊዜ ማሳ ላይ ያውለዋል፤ ትምህርት ቤት የሚመጣበት ቀን ከሚቀርበት ያንስ ነበር። ብዙ የቀረ ልጅ ይሰረዛል የሚል ደንብ ስለነበረ፣ ርዕሰ መምህሩ አንዳንዴ በር ላይ ቆሞ ስም ሲጠራ ያዳምጣል። አማረች «ዕንባቆም» ብላ ትጠራለች፤ መልስ የለም፤ ራሷ «አለ» ትላለች። አንድ ቀን «የት አለ?» ቢላት፣ «ወንበሩ አለ፤ እሱም ይመጣል» አለችው። አዲስ ቅጥር፣ ገና ልጅ እግር መምህርት፣ አለቃዋን ዓይን ዓይኑን እያየች። ዕንባቆምም እውነትም መጣ፤ ተቆራርጦም ቢሆን ትምህርቱን ጨረሰ። በዚያ ወንበር ላይ ቀሪ ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሶሊያና ከባህር ዳር መጣች። እናትሽ በማንቆርቆሪያ እጇን አቃጠለች ብሎ ጎረቤት ደውሎላት ነው። ነገሩን ጨርሳው ነበር የመጣችው፤ ባህር ዳር ለእናቷ መኝታ ክፍል አዘጋጅታለች፣ ለቁስቋሙ ቤት ተከራይ አግኝታለች፣ እሑድ ዕቃ የሚጭን መኪና ተነጋግራለች። የቀረው የአማረች እሺታ ነው፤ እሱንም እጇ የገባ አስመስላ ነበር የምታወራው። አርብ ማታ እራት በልተው ሲያበቁ ጀመረችው።

«ብቻሽን እዚህ ምን ትሆኛለሽ እማዬ?»

«እንደ ድሮው እኖራለሁ።»

«እንደ ድሮው አይደለሽማ። ብትወድቂስ? ምድጃውን ሳታጠፊ ብትረሺስ? እጅሽን እዪው እስቲ።»

«አንቺ እጅሽን ተቃጥለሽ አታውቂም?»

«እኔማ ስሳሳት አያለሁ።»

ይህች ቃል ከነከነቻት። እውነቱን ለመናገር አማረች ፈርታለች። የፈራችው መውደቅን አይደለም፤ ባህር ዳር ያለችውን ያችን ንጹሕ ክፍል ነው። ሰዓቱን ጠብቀው ያበሏታል፣ ፀሐይ ያወጧታል፣ ምንም ነገር ግን የሚጠይቃት ሰው አይኖርም። ስትፈራ ደግሞ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ አፏ ይቀድማታል።

«ነገ ዕንባቆም ቤት ነይና እዪኝ» አለች። «አንዲት ቃል ከሳትሁ ዕቃዬን አስጭኜ እከተልሻለሁ። ካልሳትሁ ይህን ወሬ ሁለተኛ አታነሺብኝም።»

«የምርሽን ነው?»

«ብያለሁ።»

በማግስቱ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ውርርዱ እንዴት እንደተሰማ አይታወቅም፣ ቁስቋም ላይ ግን ወሬ ሲደበቅ አይተን አናውቅም። ሶሊያና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ዕንባቆም የክንዱን ወረቀት ተቀብሎ ጥቁሮቹን ቤቶች እየጠራ ነገራት፤ መጨረሻ ላይ «ከታችኛው ረድፍ አራተኛው» አለ። አማረች ራሷን ነቀነቀች። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቦታ ጥቁር ቤት ወድቆ አያውቅም ነበር።

ደንቡ አግድሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ቁልቁሉ መሄድ ነው። አማረች አንዱን ሠራች፣ ሁለተኛውን ሠራች፤ ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች ታስረዳለች፣ ስታስረዳ ድምፅዋ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ነው። «ከፈረሰ ደጅ በስተኋላ የእስራኤል ምግብ ቢቀመጥ ዝናብ ያረግዛል» ተብሎ ሲነበብላት ሻይዋን ሳታስቀምጥ መለሰችው። «ደጅ ፈርሶ ግማሹ ሲቀር ‹ደ› ነው። የእስራኤል ምግብ መና ነው። ‹ደመና›። ዝናብ የሚያረግዝ ሌላ ማን አለ?» ሰዉ አጨበጨበ። ሶሊያና እንኳ ሳታስበው ፈገግ አለች።

ከአግድሙ አንዲት ቀረች፤ የታችኛው ረድፍ ላይ ከመጀመሪያው ቤት የምትነሳ። ዕንባቆም አነበበ፤ «ሲነጋ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች፤ በር ከፍቶላት የሚያውቅ ግን የለም።»

አማረች የኋላውን ረድፍ አስነሳች። ልጆቹ በየተራ ቆሙ፤ ፊደሎቹን አደለች፤ አራተኛው ዕንባቆም ነው፣ ለሱም ሰጠችው። «ጀምበር» አለች። «በሯን የሚከፍትላትም የሚዘጋባትም የለም፤ ስትወጣም ስትገባም በራሷ ነው።»

ዕንባቆም ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይሰማል። ክንዱም ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። አማረች ያን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሳተ ልጅ ፊት ቆማ እሷ ራሷ ዝም ስትል የኖረችው ነው።

«እሱማ ...» አለ ዕንባቆም፤ «ልክ ...»

«ዕንባቆም» አለች። «አዝነህ እንዳትዋሸኝ።»

ሰውየው ተነፈሰ። «ቦታው ሦስት ነው እትየ። አራተኛው ቤት ጥቁር ነው። መልሱ ‹ፀሐይ› ነው።»

ያኔ ገባት። ጥቁሩን ሰምታዋለች፤ ራሷንም ነቅንቃለች። ልጁን ከዚያ ወንበር ማስነሳቱ ነው ያቃታት። ይህን ብትናገር ቤቱ ሁሉ እንደሚያዝንላት፣ አንዳንዱም እንደሚያለቅስ ታውቃለች። ስለዚህ አልተናገረችም።

«በቃ እማዬ፤ ግድ የለም» አለች ሶሊያና ክንዷን ይዛ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ከወደ በሩ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

ያን ከንፈሩን ባይመጥጥ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አማረች ክንዷን አስለቅቃ ቆመች።

«ማነው እሱ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅም ቀጠለች፤ «ባለፈው ሳምንት ‹ሳማ›ን ማን ነው የሳተው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዕንባቆም።

«ሳቅንብህ። ሻይህን ዝጋና ልጆችህ ዘንድ ሂድ ያለህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ክንዱ፣ አንተስ ያዘጋጀኸው ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ እንደገና አልሠራኸውም?»

«ሠርቻለሁ» አለ ክንዱ፤ «ሦስት ጊዜ ነው እንጂ።»

«ማስተማር ይቅርብህ ያለህስ?» ወደ ልጇ ዞረች። «ሶሊያና፣ ትናንት ያልሁትን አልክድም፤ ብያለሁ። አንዲት ቃልም ሳትሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የባሰው ስህተቴ ግን ‹ጀምበር› ማለቴ አይደለም፣ ያን ውርርድ መግባቴ ነው። ዓይን ሳለኝ ስስት ‹ዛሬስ አማረች ሳተች› ተብሎ ተስቆ ሻይ ይታዘዝ ነበር። አሁን ስስት ዓይኗ ነው ትሉኛላችሁ። እዚህ ቤት አንድም ቀን ሳይስት የኖረ ሰው የለም፤ ቤቱን ልቀቅ የተባለም የለም። እኔ ብቻ ቤቴ ውስጥ ለመኖር መልአክ መሆን አለብኝ? አልሆንም። እስታለሁ፤ እጄንም አቃጥላለሁ፤ ቁስቋም እኖራለሁ። መኪናውን መልሺው።»

አማረች ተቀመጠችና ሻይዋን ፈለገች፤ ብርጭቆውን መጀመሪያ ሳተችው፣ ቀጥላ አገኘችው። ሶሊያና ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየቻት፤ ብርጭቆውን ላቀብል ብላ የዘረጋችውን እጅ ግን መልሳ ሰበሰበች።

«በሉ ቀጥሉ» አለች አማረች። «ቁልቁሉ አልተነካም።»

ዕንባቆም ማንበቡን ትቶ ዓይኑን ይጠርጋል። ሶሊያና ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችና አነበበች፤ «ከተማሪ የኋላውን ብትቆርጥ ጎንደርን ታገኛለህ። ሦስት ቤት።» አሰበች። ልጅ ሆና እዚህ ጠረጴዛ ሥር ስትጫወት የሰማችው ነገር ትንሽ ትንሽ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ደፈረች። «‹ፋሲል›» አለች።

«አስረጂ።»

«ያው ... ግንቡ ...» ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም።

«‹ከተማሪ› ብለሽ ጻፊ» አለች አማረች። «የኋላዋን ‹ሪ› ቁረጫት። ‹ከተማ› ይቀርሻል። ሳትሽ።» ሻይዋን ፉት አለች። «በይ እንግዲህ፣ ነገ ዕቃሽን አስጭነሽ ቁስቋም ግቢ፤ ብቻሽን መኖር አትችዪም።»

ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ሶሊያና ናት። እሑድ ጠዋት ለተከራዩና ለባለ መኪናው ደወለችላቸው፤ ባህር ዳርም ብቻዋን ተመለሰች።