ከቅሬው መዝገብ ያስፋቅሁት ስም

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። ዛሬ ማን ማን እንዳለን አስቀድሜ ልጥራ፦ ሽማግሌያችን ጋሽ ታረቀ፣ እትዬ ዘውዴ፣ ወንድም አበባው፣ እህት ሙሉ፣ እህት ጥሩዬ፣ እኔ። ስድስት ነን። ወጣቶቻችን ገሚሶቹ አዲስ አበባ፣ ገሚሶቹ ዐረብ አገር ናቸው። ከጸሎት በኋላ የመንደሩ እድር፣ ቅሬው ውስጥ እንግባ ወይስ አንግባ የሚለውን ስለምንወስን፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ጌታን ከማወቄ በፊት ሞትን እፈራ ነበር። አባቴን ከቀበርን ወዲህ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መተኛት አቅቶኝ ነበር። ወንድም አበባው እኔ ዘንድ ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ወንጌል ነገረኝ፤ አመንኩ፤ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ጌታ ይባረክ!

የተሳሳትኩት ያኔ ነው። በሳምንቱ የቅሬው ዳኛ አያ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ስሜን ፋቁልኝ አልኩ። ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚቀብርበት፣ በሽተኛ የሚሸከምበት መሆኑን እያወቅሁ፣ የዘላለም ሕይወት ላለው ሰው ቀባሪ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው። አያ ሰይድ መዝገቡን ገልጠው ፋቁት። እኔ ግን በደንብ መፋቁን ጠጋ ብዬ አየሁ።

ባለፈው መስከረም ወባ ጣለኝ። ወንዙ ሞልቶ ባጃጅ አይገባም። መጣችሁ፣ ጸለያችሁ። ቃሬዛ አራት ተሸካሚና አራት ተቀያሪ ይፈልጋል፤ ከእኛ መሸከም የሚችለው አበባው ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያ የሞት ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ።

ጋሽ ታረቀ ዐይናቸውን ጨፍነው ጌታ ሆይ ሰው ላክልን እያሉ ይደጋግማሉ። አያ ሰይድ ስምንት ሰው አስከትለው በሩ ላይ ቆመዋል። ጥቂት ጠበቁና፣

“ጋሼ፣ መጥተናል፤ አሜን ይበሉና መንገድ ይልቀቁልን” አሉ።

የመዝገቡን ነገር አንስቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስሞክር፣ “ስምህን ፍቀናል፤ ክብደትህ ግን አልተፋቀም” አሉኝ።

አበባውም አብሯቸው ተሸክሞ፣ ውኃው እስከ ወገባቸው እየደረሰ ተሻገሩ። ሮቢት ሲደርሱ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ አስቁመው ቆቦ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ወደ አንጎሉ ይወጣ ነበር አላቸው። የፈወሰኝ ጌታ ነው፤ ክብር ለስሙ ይሁን! ያሻገረኝ ግን በእነዚያ ሰዎች ትከሻ ነው።

ጋሽ ታረቀ የሚፈሩትን አውቃለሁ። ልቅሶው ላይ ዱዓ አለ፣ ፍትሐት አለ፤ እየተቀላቀልን ስድስታችንም እንጠፋለን ይላሉ። እኔም እፈራለሁ፤ ከፈራሁ ሰንብቻለሁ። ብቻችንን ሆነን ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ መቅበር አንችልም። እንግባ፤ ለጎረቤት ቃሬዛ ትከሻ እንስጥ፤ በማንጸልየው ጸሎት ጊዜ ዝም ብለን እንቁም። ጌታ እዚያም አይጥለንም፤ በእርሱ እንታመን።

ከወንዙ መሐል ወዲያ ያለውን አላስታውስም። እትዬ ዘውዴ፣ እርስዎ ጫማዬን ይዘው ይከተሉኝ ነበር ይባላል፤ ይመስክሩ። አበባው፣ ስትንሸራተት ቦታህን ማን እንደያዘልህ ንገራቸው። ጋሽ ታረቀ፣ እርስዎም ወንዙ ዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ ያጎደልኩት ካለ ይጨምሩበት።