ሳህን የተከደነበት ብርጭቆ

ዛሬ ቀትር ላይ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጎረቤቴ አሮጊቷ አዴ ፋጡማ ናት። የፍልሰታ ጾም ከገባ ጀምሮ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትመጣለች፤ በእጇ ሳህን የተከደነበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ። ሳህኑ ለአቧራው ነው። ጅቡቲ ውስጥ በነሐሴ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ ሳይከደን የተቀመጠ ነገር ሁሉ አሸዋ አሸዋ ይላል።

የምኖረው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ በተወችልኝ ቤት ነው። እናቴ ነርስ ነበረች። ሰፈርተኛው፣ ሶማሌውም አፋሩም የኛም ሰው፣ «ሲስተር» ነበር የሚላት። የጠዋት ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ ሥራዋ አያልቅም፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚታጠብ፣ አልጋ ላይ የሚገለበጥ በሽተኛ አይጠፋም። ቦርሳዋ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር፤ ከመርፌዎቹ ሥር ያለው የጸሎት መጽሐፏም እንደዚያው።

በሽተኛ ስታይ መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። የእጁን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቀዋለች። ቆዳው ወዲያው ከተኛ ደህና ነው። እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ሰውነቱ ውሃ ጨርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጿሚ እጁን ይዛ የንስሐ አባቷ ዘንድ ትወስደውና «አባታችን፣ ይህን ሰው ከጾም ይፍቱልኝ» ትላለች። ቄሱም እምቢ ብለዋት አያውቁም።

ለራሷ ግን ጠይቃ አታውቅም። ሐኪም ኩላሊቷ እንደተጎዳ ነግሯት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ እንዳትውል አስጠንቅቋታል። ቄሱ ይህን ቢሰሙ ይከለክሏታል። ሐኪሙ ይህን በነገራት ዓመት ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ቄሱ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ ቦርሳዋን አንስታ በጓሮ በር ወጣች። እንግዳ ሸሽታ አይቻት ስለማላውቅ ገረመኝ። ያልተጠየቀ አባት አይከለክልም፤ የእሷ ስሌት ይህ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን እኔ አዴ ፋጡማ ቤት ተቀምጬ ማራገቢያዋን እጠግን ነበር። ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ጥገናን በራሴ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነበር የምማረው። የቀኑ ጫት ከተማ ገብቶ ሰዉ ሁሉ ሊቅም ቤቱ ስለተሰበሰበ መንገዱ ጭር ብሏል። ቁራዎቹ እንኳ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ነፋሱ ጣሪያውን ብድግ እያደረገ ይጥለዋል።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ገባች። ከሥራ መጥታ ወደ ቅዳሴ እየሄደች ነው፤ በመንገዷ የአዴ ፋጡማን የስኳር መርፌ ልትወጋ። ፊቷን ሳይ የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ። እስካስተውለው ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁላችንም ወዝተናል፤ እሷ ፊት ላይ ግን አንድ ጠብታ ላብ የለም።

መድኃኒቱን ልትስብ ስትል መርፌዋ የብልቃጡን አፍ ሁለት ጊዜ ሳተው።

«አንቺ ሐኪም!» አለች አዴ ፋጡማ። «ዛሬ ግድግዳውን ነው ወይስ እኔን የምትወጊው?»

«ዝም በይ አዴ፣ አትሳቂ፤ ትንቀሳቀሻለሽ።»

ሁለቱም ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው፤ የድሬ ሰው ደግሞ አንቱታ አያውቅም። አዴ ፋጡማ በዕድሜ እናቷ ልትሆን ብትችልም የሚነጋገሩት እንደ እኩያ ነበር። መርፌው እንዳለቀ አሮጊቷ የእናቴን እጅ ያዘችና የጀርባውን ቆዳ ቆነጠጠች። ለቀቀችው። ቆዳው ቆሞ ቀረ። ሦስታችንም አየነው።

«ልጄ፣ ውሃ አምጣ» አለችኝ።

ሳህን ከድኜ አመጣሁ።

«ቅዳሴ ሳይወጣ? አዴ፣ ምን ነካሽ!»

«በረመዳን ምን አልሽኝ? ‹አላህ ጾምሽን ጠየቀሽ እንጂ ሬሳሽን አልጠየቀሽም› አላልሽኝም? እስክጨርስ ድረስ እላዬ ላይ ቆመሽ አላጠጣሽኝም? በይ እንግዲህ!»

እናቴ ሳቀች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሳቋ አመማት። «የራሴን ቃል ሰርቀሽ መልሰሽ ለእኔ!»

«እማ፣ ጠጪ» አልኳት። ብዙ የማልናገር ልጅ ስለሆንኩ ቀና ብላ አየችኝ። ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። ሳህኑን አነሳች፣ ውሃውን አየችው። የምትጠጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መልሳ ከደነችውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ስመለስ እጠጣዋለሁ። አትድፉብኝ።»

ነጠላዋ በነፋሱ እየተነፋ ከመታጠፊያው እስክትሰወር አዴ ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። በእጇ መቁጠሪያዋን ይዛለች፤ አትቆጥርም። እኔም ማራገቢያውን ገጠምኩና ሶኬቱን ሰካሁ፤ ሠራ። ማናችንም ደስ አላለንም።

የሆነውን በኋላ የነገሩኝ አብረዋት ያስቀደሱ ሴቶች ናቸው። በሴቶች በኩል፣ ግድግዳው ሥር፣ ሕዝቡ ሲሰግድ እሷም ሰገደች። ሕዝቡ ሲነሳ ግን አልተነሳችም። የሲስተርን ጸሎተኝነት ማን አያውቅም? አንዷ እንዲያውም ልጇን ቆጣ ብላ «እንዳትረግጫት፣ እየጸለየች ነው» ብላታለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ በአክብሮት ዙሪያዋን ለቀቁላት።

ሆስፒታል ስደርስ ትተነፍስ ነበር። ኩላሊቷ ግን አልተመለሰም። ፍልሰታ ሳይፈታ ቀበርናት። የንስሐ አባቷ መቃብሩ ላይ ቆመው «ብትጠይቀኝ ኖሮ» አሉ፤ የቀረውን አልጨረሱትም። አዴ ፋጡማ መስኮቱ ላይ ያለውን ብርጭቆ ለማንሳት ድፍረት ያገኘችው ሙቀቱ ቀስ በቀስ ውሃውን ካደረቀው በኋላ ነው።

ዛሬ እኔ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ኤር ኮንዲሽነር እጠግናለሁ። ጾሙ ሳይገባ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ሥራዬን ነግሬ ቀትር ላይ ውሃ አስፈቅጃለሁ። አዴ ፋጡማ ይህን ታውቃለች፤ ሆኖም አታምነኝም። እጄን ዘርጋ ትለኛለች፤ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ቆዳው እስኪተኛ ታያለች። ዓይኗ ስለደከመ እጄን ወደ ፊቷ አስጠግታ ነው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ጣሪያ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነበር። «አዴ፣ አስቀምጪልኝ፣ አሁን...» ብዬ ጀመርኩ።

ሳህኑን ራሷ አነሳችው።

«ስመለስ እንዳትለኝ» አለች። «ጠጣ፤ ቆሜ ልይህ።»

ቆማ አየችኝ። ብርጭቆው ሥር ላይ ትንሽ አሸዋ ነበረበት። እሱንም ጠጣሁት።