አላይም ያልሁት ደብተር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው እንድታጽናኑኝ አይደለም።

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እናትነሽ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን መጥታ አራዳ ሰፈር አክስቷ ቤት ተጠግታ የምትማር። ድርሰት አዘዝሁ። እሷ በረዶ ገብሳቸውን ስለደመሰሰበት ቀን፣ አባቷም ማሳው ዳር ተቀምጠው ቃል ስላለመተንፈሳቸው ጻፈች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ተናደድሁ። የጃናሞራ ልጅ ይህን እንግሊዝኛ ከየት ታመጣዋለች አልሁ።

ክፍሉ ፊት አቁሜ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ያስጻፍሽው!» ብዬ ጮኽሁባት።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ቲቸር። የቱ ጋ ግልጽ እንዳልሆነ ግን ማሽኑን ጠይቄዋለሁ። ደብተሬ ላይ ሁሉም አለ፤ ይዩልኝ።»

«አላይም!» አልሁ። ወረቀቷን ቀድጄ ዜሮ ሰጠኋት።

እኔ ማን ሆኜ ነው? የዚያን ሳምንት ፈተና ያወጣልኝ ያው ማሽን ነበር። የትምህርት ዕቅዴን ጽፎ ሲሰጠኝ ሳላነብ የማስረክብ እኔ!

በሳምንቱ አባቷ አያ ታከለ ተጠርተው መጡ። «መምህር፣ ልጄ እውነት የራሷ ያልሆነ ነገር አምጥታ ነው? ምነው፣ እንዲህ አልነበረችም» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ማስረጃ አለኝ» አልኋቸው። ምንም አልነበረኝም። ዋሸሁ። አንድ አባት በልጁ ላይ እንዲፈርድ ዋሸሁ።

«መምህር ካሉማ እውነት ነው» ብለው ይዘዋት ወደ ደጋ ተመለሱ። እሷ አላለቀሰችም። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላው ሄደች።

ያን ጊዜ ገለጥሁት። ድርሰቱ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ተሰርዟል። ማሽኑን «አትጻፍልኝ፣ ጠይቀኝ ብቻ» ብላዋለች። ጥያቄዎቹን በእጇ ገልብጣ ከሥር መልሷን ጽፋለች። «አባትሽ ለምን ዝም አሉ?» ለሚለው መልስ ብታጣ፣ ስልክ ደውላ ራሳቸውን ጠይቃቸው ነበር።

ይህን አንብቤ ምን አደረግሁ? የመካነ ብርሃን ማኪና በየጠዋቱ ይወጣል፤ አልተሳፈርሁም። ይልቁንም ተማሪዎች በዚህ ማሽን እንዴት በማስተዋል ይጠቀሙ የሚል ሥልጠና ለመምህራን እንድሰጥ ስታዘዝ፣ የእሷን መንገድ የራሴ አስመስዬ አቀረብሁት። አጨበጨቡልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ! ሌባ ያልኋትን ልጅ የሰረቅሁ ሌባ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ከአገሯ የመጣ ሰው ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባችም። አባቷም ዛሬ ድረስ አጭበርብራለች ብለው ያምናሉ።

ነገሩ አዲስ ነበር፣ ማንም አላሠለጠነኝም ልል እችላለሁ። አልልም። አያ ታከለ ፊት ቆሜ፣ ልጃቸው እየሰማች፣ «ዋሽቼዎታለሁ» እስክል ድረስ ማንም ይቅር እንዳይለኝ።